የአረጋዊ ማረፊያ፤ ከዳሞት እስከ ጣና ደሴቶችና እስከ ኢየሩሳሌም

በጥንቱ ዳሞት፣ ዛሬ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላምና ገበዝ ማርያም በሚባሉት አገሮች፣ ልጆቹን ድሮ ኩሎ፣ የልጅ ልጁን አቅፎ ስሞ፣ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር መታገል የተሳነው ሰው፣ የቀረችውን ዕድሜ የት እንደሚያሳልፍ፣ ዐፅሙም በየትኛው ደብር ወይም ገዳም አፈር እንደሚያርፍ፣ ገና በእግሩ መሄድ ሲችል አውጥቶ አውርዶ የሚወስንበት የጸና ልማድ ነበረ። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ስለ ዘመቻና ስለ ሹመት ሲተርክ ይህን ልማድ እምብዛም አያነሣውም፤ ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ሃይማኖትና የርስት ሥርዐት፣ የቤተ ሰቡ ፍቅርና ጠብ፣ የአየሩና የምድሩ ጠባይ ሳይቀር፣ አንድ ሽማግሌ የመጨረሻ መኖሪያውን በሚመርጥበት ሰዓት በአንድ ላይ ተጋጥመው ስለሚገኙ፣ ጉዳዩ ሊመረመር የሚገባው ነው እላለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በዳሞት ባላገር መካከል ተቀምጦ ያጠናውን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው እንደ ገለጠው፣ የዚህ አገር ርስት በአባትም በእናትም ወገን፣ መሬቱን መጀመሪያ ይዞታል እስከሚባለው ዋና አባት ድረስ እየተቆጠረ የሚጠየቅ ነበር። ስለዚህ ወንዱም ሴቷም ልጅ ከርስቱ ድርሻ አላቸው፤ ጎጆ የወጣው ጎልማሳ ግን የሚያርሰውን እርሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከራሱ ከአባቱ እጅ ስለ ሆነ፣ ልጆች እየበዙና እየበረቱ በሄዱ ቁጥር የአባትየው ማሳ እየጠበበ፣ ጎተራውም እየጎደለ ይሄዳል። ርስቱን ሙጭጭ አድርጎ የያዘ ሽማግሌ እስከ ዕለተ ሞቱ የተከበረ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በልጆቹ ዐይን መቅረቱን ያውቀዋል። ሁሉን አካፍሎ ባዶ እጁን የቀረ ደግሞ፣ ምራቱ በከፈተችለት በር የሚገባ፣ ባነጠፈችለት መደብ የሚተኛ እንግዳ ይሆናል። ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ለማግኘት ነው ሽማግሌው ብዙ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው።

መንገዱን ያገኘ እንደ ሆነ፣ ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከዋርካው ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹንና የነፍስ አባቱን ያስቀምጥና፣ እርሻውን በየስሙ እየጠራ፣ ይህ ለበኩር ልጄ፣ ይህ ለታናሹ፣ ይህ ለሴቷ ልጄ፣ ይህች ከወንዙ ዳር ያለችው ግን እስክሞት ለሚጦረኝ፣ ከሞትሁም በኋላ ለተዝካሬ ትሁን ብሎ ይናዘዛል። ጧሪ ቀባሪ የሌለው፣ ወይም ልጆቹን ያላመነ፣ ከዚህም አልፎ የቁም ተዝካሩን ያወጣል፤ ይኸውም ሰው ከሞተ በኋላ ሊደገስለት የሚገባውን ድግስ በሕይወት ሳለ በራሱ ከብትና እህል ደግሶ፣ ካህናቱንና ድኾቹን አብልቶ አጠጥቶ፣ ጸሎቱን በጆሮው እየሰማ ራሱን ማሰናበቱ ነው። ይህን ሥርዐት አንዳንድ ሰዎች እንደ ከንቱ ውዳሴ ቈጥረው ይነቅፉታል፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ልባምነት በብዙ አላየሁም፤ ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ የተነሣ ሰው ወደሚሄድበት ስፍራ የሚሄደው ወደ ኋላው ሳይመለከት ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚከተለው መመንኮስ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም በሕይወት ካሉ ተስማምተው፣ አንዳቸው የሞተባቸው እንደ ሆነ ደግሞ ብቻቸውን፣ ሥርዐቱን ይቀበላሉ። በገዳም በሥርዐቱ የሚመነኩሰው ሰው በሕይወት ሳለ እንደ ሬሳ ተጋድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ከዚያ ቅናቱን ይታጠቃል፣ ቆቡን ይጭናል፤ ጥቂቶች በተጋድሎ የበረቱት ብቻ እስከ አስኬማ ይደርሳሉ። ፍትሐቱ ሲደረግ ዘመድ እንደ ለቅሶ ቤት ያነባል፤ ከዚያች ዕለት ወዲያ ያ ሰው ለርስት ክርክር ዳኛ ፊት አይቆምም፣ በደም የሚፈለግ ቢኖርበትም ሽማግሌ ገብቶ ይታረቅለታል፣ ስሙም ይለወጣል። ለዓለሙ የሞተ ስለ ሆነ ጠላቱ እንኳ ፊቱን ያበራለታል።

የሚበዙት፣ ይልቁንም ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ ሩቅ አይሄዱም ነበር። ቆባቸውን ጭነው ከተጠመቁበት ደብር አጥር ሥር አነስተኛ ጎጆ ቀልሰው፣ ለቅዳሴው የሚሆነውን ስንዴ እየለቀሙ፣ ከልጆቻቸው ቤት በሚላክ እንጀራና ከበዓል ዝክር በሚደርሳቸው ቁራሽ ይኖሩ ነበር። ይህ አኗኗር ለልጅ ቅርብ፣ ለመቃብርም ቅርብ ነው፤ ጉድለቱ ግን ከአገሬው ወሬና ጠብ የማያርቅ መሆኑ ነው፤ ጎጆዋን ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የሠራች መነኩሲት የልጆቿን የድንበር ክርክር በየቀኑ እየሰማች ልቧን ወደ ጸሎት ልትሰበስብ ምን ያህል ትታገል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ጸጥታን የፈለገ፣ አቅሙም የፈቀደለት፣ ፊቱን ወደ ጣና ይመልስ ነበር። ከቡሬ ተነሥቶ በዳንግላ በኩል እስከ ሐይቁ ዳር ለሽማግሌ እግር የብዙ ቀን መንገድ ነው፤ ይህ ርቀት ራሱ ከምርጫው አንዱ ምክንያት ነበር፤ ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ እህልና ማር ጭኖ ሊደርስበት የሚችል፣ በየሳምንቱ ግን እየመጣ አባቱን በነገር የማያደክምበት ርቀት ነውና። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ብዙ ዘመን የተቀመጠው ሜጀር ቺዝማን የሐይቁን ዙሪያና ደሴቶቹን እየዞረ ያየውን በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሞታል።

ከደሴቶቹ ሁሉ በክብር የምትበልጠው ደጋ እስጢፋኖስ ናት። በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኂሩተ አምላክ የተመሠረተችው ይህች ገዳም የዐፄ ይኩኖ አምላክን፣ የዐፄ ዳዊትን፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ የዐፄ ዘድንግልንና የዐፄ ፋሲለደስን ዐፅም የያዘች ስለ ሆነች፣ ከዳሞት ተነሥቶ የሄደ ባላገር በሕይወቱ ከደጃፋቸው ለመቅረብ እንኳ ያልታደላቸው ነገሥታት ባረፉበት አፈር አጠገብ ማረፍን እንደ ታላቅ በረከት ይቈጥረው ነበር። ዐፄ ሠርፀ ድንግልም የተቀበረው በሌላዋ የጣና ደሴት በሬማ መድኃኔ ዓለም ነው። ሴቶች ግን በደጋም በክብራን ገብርኤልም ደሴት አይረግጡም፤ ስለዚህ አብረው ሊመነኩሱ የተስማሙ ባልና ሚስት በዚህ ላይ ሲደርሱ መለያየት ግድ ይሆንባቸዋል። የክብራን ጎረቤት የሆነችው እንጦስ ኢየሱስ በቀድሞ ዘመን የመነኮሳይያት ማረፊያ ነበረች፤ አለዚያም ከደሴቶቹ ይልቅ የዘጌ ልሳነ ምድር ይመረጥ ነበር፤ በዚያ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ቤተ ማርያም የመሳሰሉት አብያተ ክርስቲያናት ከጫካው ውስጥ ተተክለዋል፤ በበሬ ማረስ በዘጌ ከጥንት የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሬ ሲጠምድ የኖረ የዳሞት ገበሬ፣ የበሬ ጩኸት በማይሰማበት ጫካ ውስጥ ተቀምጦ ቡና ሲለቅም፣ የቀድሞው ሕይወቱ ማብቃቱን ከየትኛውም ስብከት ይልቅ ይህ ያስረዳው እንደ ነበረ አስባለሁ።

ምርጫው ግን ለትልልቆቹም ቢሆን ቀላል አልነበረም። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት አጠገብ ናርጋ ሥላሴን የመሰለ ውብ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ሳለ፣ ለራሳቸው ማረፊያ ያደረጉት ከጎንደር ከተማ በላይ ካለው ተራራ ላይ የተከሉትን ቁስቋምን ነው፤ በዚያው ኖረው፣ የልጅ ልጃቸውን የንጉሥ ኢዮአስን መገደል አይተው፣ በ1773 እ.ኤ.አ. ዐርፈው በዚያው ተቀበሩ። ደሴት ለመባረኪያ፣ ተራራ ለመኖሪያ መሆናቸው በእኔ አስተያየት ሁለት ምክንያት አለው፤ አንደኛው፣ ሥልጣን የለመደ ሰው ከከተማው ደውል ድምፅ ፈጽሞ መራቅ አለመቻሉ ነው። ሁለተኛው ወባ ነው።

ስለ ወባ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ለደገኛ ሰው የሐይቅ ዳር ኑሮ ያለ እርሷ ሊታሰብ አይችልምና። የዳሞት ሰው የቆላውን ንዳድ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚፈራ ነው፤ ጣናም ምንም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ክረምቱ ሲወጣ በዳርቻው ረግረግ ትንኝ ይፈላበታል። በ1958 እ.ኤ.አ. እንኳ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150,000 የሚገመት ሰው ፈጅቷል። ስለዚህ የጥንቶቹ ሽማግሌዎች ከረግረጉ ዳርቻ ይልቅ፣ ከውሃው በላይ ከፍ ብላ እንደ ቆመችው እንደ ደጋ ያለችውን፣ ነፋስ የማያጣትን ደሴት መምረጣቸው ከመንፈሳዊው ምክንያት ሌላ የሰውነትንም ነገር ያሰበ ነው።

ወደዚያ የሚያደርሰው ታንኳ ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦ የሚባሉት ሰዎች የሐይቁን ደንገል አጭደው በፀሐይ ካደረቁት በኋላ በነዶ በነዶ አስረው አፍንጫውን ወደ ላይ አቅንተው ይሠሩታል፤ ከሆዱም ላይ መንገደኛው እንዳይርስ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደርቡበታል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው እየወጣ በፀሐይ ካልደረቀ አይሠራም። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ጉዞው ማለዳ ነው። ሽማግሌው ከንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ መቋሚያውን ከጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ልጁ ከዳር ቆሞ ሲያለቅስ ቀዛፊው ቀርከሃውን ይጥላል። ለብዙዎቹ ይህ የመጨረሻ መለያየት ነበር።

ከጣናም አልፎ የሄደ ነበረ። ኢየሩሳሌምን ሳላይ አልሞትም ብሎ የተሳለ ሽማግሌ፣ በመተማ ወደ ሱዳንና ወደ ግብጽ፣ ወይም በምጽዋ በኩል በመርከብ ይሄድ ነበር፤ የሱዊዝ ቦይ በ1869 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ በኋላ የባሕሩ መንገድ ቀለለ። ብዙዎቹ ሲነሡ የመመለሻ ስንቅ አይዙም ነበር። በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ባለችው በዴር ሡልጣን ጠባብ ክፍሎች የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን በ1838 እ.ኤ.አ. በገባው ወረርሽኝ አብዛኞቹ አልቀው፣ መጻሕፍታቸው ተቃጥለው፣ ከግብጻውያን ጋር ያለው የይዞታ ክርክርም እየከረረ በመሄዱ፣ ዐፄ ዮሐንስ ከከተማው ቅጥር ውጭ የደብረ ገነትን ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ፤ ዐፄ ምኒልክም በ1893 እ.ኤ.አ. አስፈጸሙት። ከዚያም እቴጌ ጣይቱ፣ በኋላም ንግሥት ዘውዲቱ በዚያች ከተማ የሚከራይ ቤት አቁመዋል፤ መሳፍንቱና መኳንንቱም እንዲሁ ያደረጉት፣ ኪራዩ ድኾቹን መነኮሳት እንዲመግብ ነው። ይህን ሥራ እጅግ አመሰግነዋለሁ፤ በባዕድ አገር የሚያረጅ ሰው ከጸሎት ቀጥሎ የሚያስፈልገው የማይቋረጥ የዕለት እንጀራ መሆኑን ተረድተው የሠሩት ነውና።

በባዕድ አገር መኖሪያ መምረጥ በግድ የደረሰበትም አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 እ.ኤ.አ. ሲሰደዱ በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳር በምትገኘው በዎርዚንግ ከተማ በሆቴል ተቀምጠው ነበር፤ በኋላ ግን ከባሕሩ ርቃ በፍልውሃዋ የታወቀችውን ባዝን መርጠው ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዙ። እቴጌ መነን የአገሩ ብርድ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው የስደቱን ዘመን በብዛት በዚያ አሳልፈዋል። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ አድርገው፣ የጣልያን ጦር ከለቀቃት ከቡሬ አልፈው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዙ፣ የዳሞት አረጋውያን እልል እያሉ ተቀበሏቸው። በ1958 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ያን የስደት ቤታቸውን የአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡ።

የቀድሞውን ልማድ የለወጡት ነገሮች የተከታተሉት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ወጣ፤ መምህሩና ጸሐፊው፣ ወታደሩና የአውራጃ ሹሙ ከልጅ እጅ የማይጠብቁት የወር ገቢ አገኙ። ባሕር ዳርም በዚያው ዘመን ከአንዲት የሐይቅ ዳር መንደርነት ተነሥታ፣ ጣልያን በከፈለው የጦር ካሣ የተሠራውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሶቪየት እርዳታ የተከፈተውን ፖሊቴክኒክ አግኝታ ከተማ ሆነች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ንብረት መሆኑ ሲታወጅ፣ ሽማግሌው ለጧሪው የሚለያት ያቺ የወንዝ ዳር እርሻ ከእጁ ወጣች፤ ገዳማቱም የእህል ግብራቸውን አጡ። ስለ አዋጁ ብዙ ተጽፏል፤ በርስት ሥርዐት የተበደለው ጭሰኛ በእርሱ እንደ ተጠቀመም አልክድም፤ ነገር ግን በዳሞት አባትና ልጅን ያስተሳሰረው የእርጅና ውል በዚያች ቀን መፍረሱን የጻፈ አላገኘሁም።

ዛሬ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ጡረታ ወጥቶ፣ ወይም ብዙ ዘመን በአሜሪካና በአረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ሰው በባሕር ዳር ቤት ሲገዛ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ ርቀት ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን በሰፈሩ እድር ይመዘገባል፣ በተወለደበት ደብር ያለውን እድርም መዋጮውን እየላከ አያቋርጥም፤ ለልጆቹም ሬሳው ወደ የትኛው እንዲሄድ በአንደበቱ ይነግራቸዋል።