የቢትልስ የመጨረሻ አልበም የትኛው ነው? እንዴትስ ተሠራ?

በዚህ ዓመት እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ካነሣናቸው ክርክሮች ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብን ከፈተና ጋራ አንዳች ግንኙነት የሌለው ጥያቄ ነበረ። ጥያቄውም «ቢትልስ የተባሉት አራት የእንግሊዝ አገር ሙዚቀኞች የመጨረሻ አልበማቸው የትኛው ነው?» የሚል ነው። የክፍሉ እኩሌታ «ሌት ኢት ቢ» ነው ሲል፣ እኩሌታው «አቢ ሮድ» ነው አለ። የፊተኞቹ ማስረጃ ግልጽ ነበረ፤ «አቢ ሮድ» ለገበያ የወጣው በ1969፣ «ሌት ኢት ቢ» ግን በ1970 ነውና። የኋለኞቹም በበኩላቸው የሚሉት ነበራቸው። ነገሩ ወደ ጩኸት ሲለወጥ፣ የሁለቱን ሸክላዎች ታሪክ ከሥሩ ለመመርመር ተስማማን፤ ይህም ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው። ለይተን ካላመለከትን በቀር ቀኖቹና ዓመታቱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ለአንባቢ አንድ ነገር ማስገንዘብ እንወዳለን። አንድ ሥራ ለሕዝብ የወጣበት ቀንና የተሠራበት ቀን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በእጅዎ የያዙት ይህ የዓመት መጽሐፍ ራሱ ምስክር ነው። መቅድሙ በፊተኛው ገጽ ታትሟል፤ የተጻፈው ግን ከሁሉ በኋላ ነው።

ጆን ሌነን፣ ፖል ማካርትኒ፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር ሊቨርፑል ከተባለው የወደብ ከተማ የተነሡ መሆናቸውን የማያውቅ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በዚያ ላይ ጊዜ አናጠፋም። ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ከኦገስት 1966 በኋላ ከአገር ወደ አገር እየዞሩ በአደባባይ መዝፈን ትተው ሥራቸውን ሁሉ በስቱዲዮ ውስጥ አደረጉ። ሁለተኛው፣ ጉዳያቸውን የሚያስተዳድርላቸው ብራያን ኤፕስታይን ኦገስት 27 ቀን 1967 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ገንዘባቸውን የሚጠብቅ፣ ሲጣሉም የሚያስታርቅ ሽማግሌ አልነበራቸውም።

በጃንዋሪ 2 ቀን 1969 አራቱ ሰዎች ትዊክንሃም በሚባለው የፊልም ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። አሳቡ መልካም ነበረ። ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረቡ መቅዳቱን ትተው፣ እንደ ጥንቱ አራት ሆነው በአንድ ጊዜ ተጫውተው ሸክላ ሊያወጡ፣ ልምምዳቸውንም በፊልም ሊያስነሡ ነበረ። ነገር ግን አዳራሹ ሰፊና ቀዝቃዛ ነው፤ ሥራው የሚጀመረው ማታ መሥራት ለለመዱ ሰዎች በማይስማማ ሰዓት በጧት ነው፤ የፊልም መሣሪያም ከፊታቸው አይነሣም። በዚህ ሁኔታ እንኳን ዘፈን ጸሎት ማድረግም የሚያስቸግር ይመስለናል። ጃንዋሪ 10 ቀን ጆርጅ ሃሪሰን ጥሎ ሄደ። ከዚያ በፊትም በ1968 ሪንጎ ስታር ሁለት ሳምንት ያህል ትቷቸው እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።

ሃሪሰን ተለምኖ ሲመለስ ትዊክንሃምን ትተው፣ ሴቪል ሮው በሚባለው የሎንዶን መንገድ ከነበረው ከራሳቸው መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ገቡ። በዚያም ቢሊ ፕሬስተን የሚባል አሜሪካዊ የኪቦርድ ተጫዋች መጥቶ አብሯቸው ተቀመጠ። እንግዳ በገባ ጊዜ የተኳረፉ ወንድማማቾች እንዴት ፊታቸውን እንደሚፈቱ በየቤታችን ያየነው ነው፤ እዚያም የሆነው እንዲሁ ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን ከዚያው ሕንጻ ጣራ ላይ ወጥተው፣ በብርድና በነፋስ፣ ፖሊስ መጥቶ እስኪያስቆማቸው ድረስ 42 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። በአደባባይ ሲጫወቱ የታዩበት የመጨረሻው ቀን ይህ ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች ያን ወር የጠብ ወር ብቻ አድርገው ሲጽፉ ኖረዋል። በ2021 ፒተር ጃክሰን ያን ጊዜ ከተነሣው ፊልም ወደ ስምንት ሰዓት የሚጠጋ አዘጋጅቶ ሲያሳይ ግን፣ ከጠቡ ጋራ ሳቅና ቀልድ፣ ከባዶ ተነሥቶ ዘፈን የሚሆን ዜማም ታየ። ሆኖም ሥራው አላለቀም። ግሊን ጆንስ የተባለው የድምፅ መሐንዲስ ከተቀዳው ክር አልበም አዘጋጅቶ ቢያቀርብላቸው አልተቀበሉትም። ክሩ በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በኋላ «ሌት ኢት ቢ» የተባለው ይህ ነው።

በጸደዩ ወራት የገንዘብ ክርክር ተነሣ። ሌነን፣ ሃሪሰንና ስታር አለን ክላይን የሚባል አሜሪካዊ ጉዳያቸውን እንዲይዝ ወሰኑ፤ ማካርትኒ የሚስቱን አባት ሊ ኢስትማንን ፈለገ። ሦስት ለአንድ ሆነ። እስከዚያ ድረስ አራቱ ሲስማሙ ብቻ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ብልጫ መተዳደር ጀመሩ። በእኛ አስተያየት ማኅበሩን ያፈረሰው ይህ ነው። ጥፋቱን ሁሉ የሌነን ባለቤት በሆኑት በወይዘሮ ዮኮ ኦኖ ላይ መጫን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተለመደ ቢሆንም፣ የአራት ጐልማሶችን ጠብ በአንዲት ሴት ማላከክ ፍርድ አይደለም።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ የሚጻፍ ነገር ባልኖረን ነበር። ነገር ግን ማካርትኒ ወደ ሚስተር ጆርጅ ማርቲን ሄዶ እንደ ቀድሞው ሆነን አንድ አልበም እንሥራ ሲል ጠየቃቸው። ሚስተር ማርቲን ከ1962 ጀምሮ ቀረጻቸውን የመሩ፣ ሙዚቃ በትምህርት የተማሩ፣ በዕድሜም የሚበልጧቸው ሰው ናቸው። በጃንዋሪው ሥራ ድርሻቸው አንሶ ቅር ብሏቸው ነበረ። አሁንም እሺ ያሉት፣ ሁሉም፣ ሌነንም ጭምር፣ እንደ ቀድሞው ሥርዐት ለመሥራት ከፈቀዱ ብቻ መሆኑን ገልጸው ነው። ተስማሙ።

ሥራው እዚህም እዚያም ቀደም ብሎ ቢጀመርም፣ ዋናው ክፍል የተሠራው በጁላይና በኦገስት 1969 በሰሜን ምዕራብ ሎንዶን፣ አቢ ሮድ ላይ ባለው የኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ ነው። ጁላይ 1 ቀን ሌነን በስኮትላንድ መኪናውን ገልብጦ ቆሰለ፤ ፊቱም ተሰፋ። ስለዚህ ጁላይ 7 ቀን፣ ስታር 29 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ «ሂር ካምስ ዘ ሰን» የተባለውን የሃሪሰንን ዘፈን ሦስቱ ብቻ ጀመሩት። ሌነን ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ፣ አብረውት የቆሰሉት ወይዘሮ ዮኮ ኦኖ ሐኪም ዕረፍት አዟቸው ስለ ነበረ፣ ለርሳቸው አልጋ ወደ ስቱዲዮው ገባ። ሌሎቹ ይህን እንዴት እንደ ተመለከቱት መገመት አያስቸግርም፤ ቢሆንም ሥራው አልተቋረጠም።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን ትጋታቸው ነው። ማካርትኒ «ኦ ዳርሊንግ» የሚባለውን ዘፈን የሻከረ፣ ጮሆ የደከመ ሰው ድምፅ እንዲኖረው ፈልጎ፣ ለብዙ ቀን ከሌሎቹ ቀድሞ እየመጣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይዘፍነው ነበረ። ካልተስማማው እስከ ማግስቱ ይተወዋል። በዚያን ጊዜ በዓለም ከታወቁት ዘፋኞች አንዱ የሆነ ሰው፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ አንዱን ዘፈን ዕለት ዕለት ሲደጋግም ማሰብ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ ዘፈን ደግሞ የመዶሻ ድምፅ ቢያስፈልግ እውነተኛ የአንጥረኛ መስፍ አስመጥተው ይመቱት ጀመር። ይህንንስ ባልደረቦቹ እንደ ሰለቹት ይነገራል፤ እኛም ያን ዘፈን ስንሰማ አንፈርድባቸውም።

በመዘምራን መካከል የቆመ ሁሉ «ቢኮዝ» የሚባለውን ሊያዳምጥ ይገባዋል። ሌነን የቤትሆቨንን የፒያኖ ሥራ ከሰማ በኋላ ያሰበው ዜማ ነው። ሌነን፣ ማካርትኒና ሃሪሰን በሦስት የተለያየ ድምፅ አብረው ዘፈኑት፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ደግመው ደረቡበት፤ ስለዚህ የምንሰማው ዘጠኝ ድምፅ ነው። የሦስቱን ድምፅ ያስማሙ ሚስተር ማርቲን ናቸው፤ ሃርፕሲኮርድ የሚባለውንም የጥንት ፒያኖ መሰል መሣሪያ የመቱት እርሳቸው ናቸው። በገንዘብ ነገር የማይነጋገሩ ሦስት ሰዎች በአንድ ትንፋሽ ጀምረው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳሉ።

በመሣሪያ ረገድም አዲስ ነገር ነበረ። ስቱዲዮው ድምፅ ማቀላቀያውን ከአምፑል ወደ ትራንዚስተር ለውጦ ነበረ፤ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ በዚህ ምክንያት ድምፁ ከቀድሞው ለስላሳ እንደ ሆነ መስክሯል። መቅረጫውም ስምንት ድምፅ ለየብቻ ይይዛል፤ የፊተኛዎቹ ሸክላዎቻቸው በሁለትና በአራት የተቀዱ ናቸው። ሃሪሰን ሙግ የሚባለውን፣ በሽቦ የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ድምፅ ማፍለቂያ አምጥቶ በጥቂት ዘፈኖች ውስጥ አስገባው። ይህ ሃሪሰን ለብዙ ዓመት በአንድ አልበም ከአንድና ከሁለት ዘፈን በላይ እምብዛም የማይፈቀድለት የነበረ ነው። በዚህኛውም የደረሱት ሁለት ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱ፣ «ሳምቲንግ» እና «ሂር ካምስ ዘ ሰን»፣ ከአልበሙ ሁሉ የተወደዱት ሆኑ።

የሸክላው ሁለተኛ ገጽ እርስ በርሳቸው በተያያዙ አጫጭር ዘፈኖች ያልቃል። አብዛኞቹ ሳይፈጸሙ የቀሩ ቁርጥራጮች ነበሩ፤ ማካርትኒና ሚስተር ማርቲን አያይዘው እንደ አንድ ረጅም ሥራ አደረጓቸው። ሌነን ይህን አሳብ አይወደውም ነበረ፤ ቢሆንም የድርሻውን ሰጠ። መዝጊያው «ዚ ኤንድ» ይባላል፤ መጨረሻው ማለት ነው። በዚህ ውስጥ ብቻውን ከበሮ መምታት የማይወደው ስታር በቢትልስ ሸክላ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ብቻውን ይመታል። ከዚያ ማካርትኒ፣ ሃሪሰንና ሌነን በተራ በተራ ጊታር ይመታሉ፤ አንዱ ጥቂት ይጫወትና ለሚቀጥለው ይለቅለታል፤ ሦስት ጊዜ ይዞራል። እኛ ይህን ስንሰማ የማን ተራ መሆኑን በጣታችን እየቆጠርን ነው። አንዱ የሌላውን ተራ አልነካም።

ለሽፋኑም የሚሆን ነገር ሲፈለግ፣ ኤመሪክ ከሚያጨሰው የሲጋራ ስም ተነሥተው አልበሙን «ኤቨረስት» ሊሉት፣ ለፎቶግራፉም ወደ ሂማላያ ሊሄዱ ታስቦ ነበረ። በኋላ ግን ከበሩ ወጥቶ መንገዱን መሻገር ይበቃል ተባለ። ኦገስት 8 ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 2 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ኢየን ማክሚላን መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ፖሊስ መኪናውን አግዶለት፣ ስድስት ፎቶግራፍ ብቻ አነሣ። ያ የእግረኛ መሻገሪያ በ2010 በእንግሊዝ መንግሥት በቅርስነት ተመዝግቧል።

ኦገስት 20 ቀን አራቱም የዘፈኖቹን ተራ ለመወሰን ተሰበሰቡ። አራቱ አብረው በስቱዲዮ የተገኙበት የመጨረሻው ዕለት ይህ ነው። በዚያ ቀን «አይ ዎንት ዩ» የሚባለው፣ ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚሄደው ዘፈን ተፈጸመ። ማብቂያ አልነበረውም፤ ያው ዜማ እየተደጋገመ ይሄዳል። ሌነን ኤመሪክን እዚህ ላይ ቁረጠው አለው፤ ክሩ ተቆረጠ፤ ሙዚቃውም በመካከል ዝም ይላል። በመጀመሪያው አሳብ አልበሙ የሚያልቀው በዚህ ነበረ፤ በኋላ ሁለቱ ገጾች ተለዋወጡ።

የመጨረሻቸው መሆኑን ያውቁ ነበርን? ከእኛ ብዙዎቹ አዎን ብለን ነበር። ነገር ግን በ2019 ማርክ ሉዊሰን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ያሰማው፣ በሴፕቴምበር 1969 የተቀዳ አንድ ክር አለ። ሆስፒታል ለነበረው ለስታር እንዲደርስ ተብሎ በተቀዳው በዚህ ክር ሦስቱ ሌላ አልበም ስለ መሥራት ይነጋገራሉ። እንግዲህ መሰናበቻ አድርገን የሰማነው፣ የሆነውን ካወቅን በኋላ ስለ ሰማነው ይሆናል። በሴፕቴምበር 20 ቀን ግን ሌነን መውጣቱን ለሌሎቹ ነገራቸው፤ ስለ ውል ሲሉ በምሥጢር ያዙት። «አቢ ሮድ» ከስድስት ቀን በኋላ በእንግሊዝ አገር ወጣ፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ የደመራ ዕለት ነበረ። የገዙት ሰዎች ማኅበሩ መፍረሱን አላወቁም።

ማካርትኒ መለየቱን በኤፕሪል 10 ቀን 1970 ለሕዝብ አሳወቀ፤ «ሌት ኢት ቢ» በሜይ 8 ቀን ወጣ። ስለዚህ በሥራው ቅደም ተከተል የመጨረሻው «አቢ ሮድ» ነው፤ በገበያው «ሌት ኢት ቢ» ነው። ለ«አቢ ሮድ» የተከራከርነው ግን ሙሉ በሙሉ አላሸነፍንም። በጃንዋሪ 3 ቀን 1970 ማካርትኒ፣ ሃሪሰንና ስታር፣ ሌነን ዴንማርክ ሳለ፣ ከ«ሌት ኢት ቢ» አንዱን ዘፈን ቀድተዋል። ከዚያም ክሩ ለፊል ስፔክተር ተሰጠ። እርሱም በማካርትኒ ዘፈን ላይ ደራሲውን ሳይጠይቅ በገናና የሴቶች መዘምራን ጨመረበት፤ ማካርትኒም በዚህ እጅግ ተቈጣ። ኤፕሪል 1 ቀን 1970 ስፔክተር ብዙ የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ሰብስቦ ያን ሲያስቀዳ፣ ከአራቱ አንዱ ብቻ በዚያ ነበረ። እርሱም ከበሮውን ይመታ የነበረው ሪንጎ ስታር ነው።