ስለ መድኃኒት ልክ

መድኃኒትን መድኃኒት የሚያሰኘው ልኩ ነው። ያነሰ እንደ ሆነ አይፈውስም፤ የበዛ እንደ ሆነ ይጎዳል። ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ነገር ከአገራችን ታሪክ ሊገባችሁ ስለሚችል ኮሶን ምሳሌ አድርጌ አቀርብላችኋለሁ።

የኮሶ ዛፍ በሰሜን ተራሮችና በሌሎችም የጎንደር ደጋዎች ይበቅላል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል በአንጀቱ ስለሚያድርበት፣ አበው የሴቴውን ዛፍ አበባ አድርቀውና ወቅጠው፣ በውሃ ወይም በጠላ ዘፍዝፈው፣ ማለዳ በባዶ ሆዳቸው ይጠጡት ነበር። በዚያን ቀን ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳ ሁሉ ይመለሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለዚሁ ዛፍ ጽፏል። በ19ኛው ምዕተ ዓመትም የአውሮፓ ሐኪሞች አበባውን በሚዛን እየመዘኑ ለሕመምተኞቻቸው ሰጥተዋል።

ኮሶ በየሁለት ወሩ ገደማ የሚጠጣበት ምክንያት ነበረው። የትሉ አካል ወጥቶ ራሱ በአንጀት ተጣብቆ ከቀረ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ጥሬ ሥጋውን ይተዋል፤ ትዕግሥት ያጣ ሰው ግን ሥጋውን ሳይተው የኮሶውን ልክ ይጨምራል። ጭማሪውም ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ፣ ከዚያም አልፎ የዓይን ብርሃን ማጣትና ሞት እስከ ማምጣት ይደርስ ነበር። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላም ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት መድኃኒቶች የኮሶን ቦታ ያዙ። እነዚህ በእፍኝ አይሰፈሩም፤ ልካቸው የታወቀ ነው።

ትል ከሆድ ለማውጣት የነበረው ችኰላ ዛሬ ውፍረትን ለማውረድ ሆኗል። በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ለውፍረት የተፈቀደው ሴማግሉታይድ በሳምንት አንድ ጊዜ በመርፌ ይወሰዳል። መጀመሪያው 0.25 ሚሊግራም ነው፤ በየ4 ሳምንቱ ወደ 0.5፣ ወደ 1፣ ወደ 1.7፣ በመጨረሻም ወደ 2.4 ከፍ ይላል። እንዲህ በዝግታ የሚሄደው፣ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ሲቀንስና የጨጓራን ሥራ ሲያዘገይ ሰውነት እንዲለምደው ነው።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፣ «የኔታ፣ ጓደኛዬ 1 ሚሊግራም ደርሳለች፤ እኔ ስለ ምን በትንሹ እቆያለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንዲህ አልኋት፦ «ልጄ፣ የጓደኛሽ ሆድ ያንቺ ሆድ አይደለም። ሐኪሙ ልክሽን ከመለወጡ በፊት ሦስት ነገር ይመለከታል፤ የተወሰነው ጊዜ መድረሱን፣ ክብደትሽ መቀነስ አለመቀነሱን፣ ማቅለሽለሹና ትውከቱ መብረድ አለመብረዱን። ሰውነትሽ ካልቻለው ያቆይሻል፣ አለዚያም ዝቅ ያደርገዋል። በትንሹ ልክ ደኅና እየቀነስሽ ከሆነም መቸኮል አያሻም።»

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ኮሶውን እያበዛ ጥሬ ሥጋ የማይተውን ሰው አስታውሱ። የአመጋገብን ጉድለት በመድኃኒት ብዛት መሙላት አይቻልም። ልክን መጨመር ለእጅ ቀላል ነው፤ መቼ እንደሚጨመር ማወቅ ግን የዕውቀትና የትዕግሥት ሥራ ነው።