ራሳቸውን የቀጠሩ አሠልጣኝ

በአሜሪካ ቤዝቦል ታሪክ ከኮኒ ማክ የበለጠ ጨዋታ ያሸነፈ አሠልጣኝ የለም፤ ከእሳቸው የበለጠ የተሸነፈም የለም። በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ 3,731 ጊዜ ድል አድርገው 3,948 ጊዜ ተረትተዋል። ለሁለቱም ክብረ ወሰን ያበቃቸው በፊላደልፊያ አትሌቲክስ ክለብ 50 የውድድር ዘመን ሳይነሡ መቆየታቸው ነው። ይህን ያህል የተሸነፈ አሠልጣኝ እንዴት ከሥራው ሳይባረር ቀረ? መልሱ የክለቡ ባለቤት ማን እንደነበር ስናውቅ ይገለጣል።

ሙሉ ስማቸው ኮርኒሊየስ ማክጊሊከዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 መጨረሻ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው ኢስት ብሩክፊልድ ከአየርላንድ ስደተኞች ተወለዱ። በወጣትነታቸው በጫማ ፋብሪካ ሠርተዋል። በ1886 በዋሽንግተን ቡድን «ካቸር» ሆነው ከመቺው ጀርባ ኳስ መቀበል ጀመሩ። ቁመተ ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ዳኛ ሳያይ የመቺውን ዱላ በእጃቸው ነካ አድርገው ማሳሳትም ያውቁበት ነበር።

በ1894 በፒትስበርግ እየተጫወቱ ማሠልጠን ጀመሩ፤ በ1896 ግን ተሰናበቱ። ቀጥሎ ወደ ሚልዋኪ ሲያመሩ ከደመወዝ በተጨማሪ የክለቡን ሩብ ድርሻ አገኙ። በ1901 አሜሪካን ሊግ የሜጀር ሊግነት ደረጃ ይዞ ሲነሣ ደግሞ በፊላደልፊያ ከባለሀብቱ ቤን ሻይብ ጋር አትሌቲክስ የተባለውን አዲስ ክለብ መሠረቱ፤ እዚያም ባለድርሻ ሆኑ። የኒው ዮርኩ አሠልጣኝ ጆን ማግሮው አዲሱን ክለብ ገንዘብ የሚበላ «ነጭ ዝሆን» እያሉ ተሳለቁበት። ማክ ዝሆኑን የክለባቸው ምልክት አደረጉትና በ1902 የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ።

ሌሎች አሠልጣኞች እንደ ተጫዋቾቻቸው መለያ ሲለብሱ ማክ በሙሉ ልብስ፣ በጠንካራ ኮሌታና በባርኔጣ ይቀመጡ ነበር። የነጥብ መመዝገቢያ ወረቀታቸውን እያወዛወዙ ተከላካዮችን ቦታ ያስይዛሉ። ተጫዋቾቻቸውም «ሚስተር ማክ» ይሏቸው ነበር።

የመጀመሪያው ታላቅ ቡድናቸው በ1910፣ በ1911 እና በ1913 የሜጀር ሊግ ፍጻሜ የሆነውን ወርልድ ሲሪስን አሸነፈ። በ1914 ግን በቦስተን ብሬቭስ 4 ለ 0 ተረታ። በዚያው ጊዜ ፌዴራል ሊግ የተባለ ተቀናቃኝ ማኅበር ከፍተኛ ደመወዝ እያቀረበ ተጫዋቾችን ያማልል ነበር። ማክ በገንዘብ ከመፎካከር ይልቅ ቡድኑን መበተንን መረጡ፤ ኮከባቸውን ኤዲ ኮሊንስን በ50,000 ዶላር ለቺካጎ ሸጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በ1916 ቡድኑ 36 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በ117 ተሸነፈ። ከ1915 እስከ 1921 ድረስ በተከታታይ ሰባት ዓመት መጨረሻ ወጣ።

ማክ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሌፍቲ ግሮቭን፣ ጂሚ ፎክስን፣ አል ሲመንስንና ሚኪ ካክሬንን አሰባስበው ሁለተኛ ታላቅ ቡድን ሠሩ። በ1929 ወርልድ ሲሪስ አራተኛ ጨዋታ በቺካጎ ካብስ 8 ለ 0 እየተመሩ፣ በሰባተኛው ዙር ብቻ 10 ነጥብ አስቆጥረው 10 ለ 8 አሸነፉ። ዋንጫውን በዚያ ዓመትም በቀጣዩም ወሰዱ፤ በ1931 ለፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የስታዲየሙን ገቢ ሲያደርቅ ግን እነዚህም ኮከቦች ተራ በተራ ተሸጡ።

ከዚያ በኋላ ክለቡ አብዛኛውን ጊዜ ግርጌ ላይ ነበር። ማክ በ1937 ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ ቢመረጡም ሥራቸውን አልተዉም፤ የለቀቁት በ1950፣ በ87 ዓመታቸው ነው። ክለቡ ከ1954 ውድድር በኋላ ተሽጦ ወደ ካንሳስ ሲቲ ተዛወረ። እሳቸውም በ1956 በ93 ዓመታቸው አረፉ።

በድል ብዛት ሁለተኛው ቶኒ ላ ሩሳ በ2,884 ድል ተወስነዋል። ልዩነቱን በችሎታ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። አሠልጣኙ ማክ ሁለት ጊዜ ታላቅ ቡድን ገነቡ፤ ባለድርሻው ማክ ሁለቱንም ሸጡ። ባለድርሻ ባይሆኑ ኖሮ ግን አሠልጣኙ ከ1916 በኋላ ሥራ ባልኖራቸው፣ ሁለተኛው ቡድንም ባልተገነባ ነበር።