የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአጠናን ልማድና የሕይወት ክህሎት፡ መሠረታዊ መረጃ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን አልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ተማሪዎች የመማር ብቃት እንዳላቸው በፈተና ያስመሰከሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነዚሁ ተማሪዎች መካከል በመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ የአካዳሚክ ማስጠንቀቂያ የሚደርሳቸው፣ ከዚያም አልፎ ከትምህርት ገበታቸው የሚሰናበቱ ይገኛሉ። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የችሎታ ማነስ ሳይሆን ጊዜን በራስ የመምራት፣ በዘዴ የማጥናትና ችግር ሲያጋጥም በወቅቱ እርዳታ የመጠየቅ ልማድ አለመዳበሩ ነው። እነዚህ ልማዶች በትምህርትና በልምምድ የሚገኙ ናቸው። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ አዲስ ገቢ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በመጀመሪያው ዓመት ሊያውቋቸው የሚገቡ ዋና ዋና ጉዳዮችን ያቀርባል።

1. ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በምን ይለያል?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪው ጊዜ በአብዛኛው በሌሎች ሰዎች የተደራጀ ነው። ደወል ይደወላል፤ መምህሩ ደብተር ያያል፤ ወላጅ ያጠና እንደሆነ ይጠይቃል። በዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪው በሳምንት በክፍል ውስጥ የሚያሳልፈው ሰዓት ያነሰ ሲሆን ቀሪውን ጊዜ የሚያስተዳድረው ራሱ ነው። ይህ ነፃ ጊዜ የዕረፍት ጊዜ ቢመስልም የትምህርቱ ግማሽና ከዚያ በላይ የሚከናወነው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። ከእነዚህም መካከል የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተግባቦት፣ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ እንዲሁም አጠቃላይ ሥነ ልቦና ይገኛሉ። የአጠቃላይ ሥነ ልቦና ሞጁል የመጨረሻ ምዕራፎች ስለ ግል፣ ስለ ማኅበራዊና ስለ አካዳሚክ ክህሎቶች የሚያስተምሩ ናቸው። ተማሪዎች እነዚህን ምዕራፎች ለፈተና ብቻ ከማንበብ ይልቅ ሴሚስተሩ ሲጀመር አስቀድመው እንዲያነቧቸውና በተግባር እንዲሞክሯቸው ይመከራል።

2. የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ለምን ክብደት ይኖረዋል?

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የድምር ውጤቱ አማካይ፣ ማለትም ጂፒኤው፣ ከ2.00 ማነስ የለበትም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ዝቅተኛ ውጤት በቀላሉ የማይጠፋ ዕዳ መሆኑን በሚከተለው ስሌት መረዳት ይቻላል።

አንድ ተማሪ በሁለት ሴሚስተሮች እኩል ክብደት ያላቸውን ኮርሶች ወሰደ እንበል። በመጀመሪያው ሴሚስተር 1.60 ካመጣ በሁለተኛው ሴሚስተር 2.00 ቢያመጣ እንኳ ድምር ውጤቱ 1.80 ብቻ ይሆናል። ወደ 2.00 ለመድረስ በሁለተኛው ሴሚስተር 2.40 ማምጣት ይጠበቅበታል። ይኸውም በደከመበት ሴሚስተር ማግሥት ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ውጤት ማስመዝገብ ግድ ይለዋል ማለት ነው።

ከዚህም በተጨማሪ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ተማሪው ወደሚመርጠው የትምህርት ክፍል ለመመደብ ከሚታዩ ዋና ዋና መስፈርቶች አንዱ ነው። ማስጠንቀቂያና ስንብት የሚሰጥባቸው ዝርዝር ሁኔታዎች በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ስለሚወሰኑ፣ ማንኛውም ተማሪ በምዝገባ ወቅት የተቋሙን የተማሪዎች መመሪያ ተቀብሎ ማንበብ ይገባዋል።

በ2015 ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነው የመውጫ ፈተናም የተማሪውን የበርካታ ዓመታት ዕውቀት በአንድ ጊዜ የሚመዝን ሲሆን የማለፊያ ውጤቱ 50 በመቶ ነው። ለፈተና ዋዜማ ብቻ የተሸመደደ ትምህርት እስከዚያ ጊዜ ድረስ አይቆይም። ስለዚህ የአጠናን ልማድ ጉዳይ ከመጀመሪያው ዓመት ባሻገር የሚዘልቅ ነው።

3. ለጥናት ምን ያህል ጊዜ ያስፈልጋል?

የኮርሶች ክብደት በኢሲቲኤስ ይለካል። አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራን ያመለክታል፤ ይህም ክፍል መግባትን፣ ንባብን፣ አሳይመንትንና የፈተና ዝግጅትን ሁሉ ያጠቃልላል። በዚህ መሠረት 5 ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይጠይቃል። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ቢሆንና ተማሪው ለኮርሱ በሳምንት 3 ሰዓት ክፍል ቢገባ፣ የክፍሉ ጊዜ በድምሩ 48 ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪው፣ ማለትም በሳምንት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ገደማ፣ ተማሪው በግሉ የሚሠራበት ነው።

በመሆኑም ጊዜን ለማደራጀት የሚከተሉትን ተግባራት ማከናወን ይጠቅማል፦

• በመጀመሪያው ሳምንት የሁሉንም ኮርሶች ኮርስ አውትላይን መሰብሰብና የፈተናና የአሳይመንት ቀኖችን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር፤
• የክፍል ሰዓቶች ከተሞሉ በኋላ በሳምንታዊው ሠንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ ኮርስ ቋሚ የጥናት ሰዓት መመደብ፤
• በሁለት ክፍለ ጊዜያት መካከል የሚገኘውን የአንድና የሁለት ሰዓት ክፍተት መጠቀም፤
• በሳምንት ቢያንስ ግማሽ ቀን ለዕረፍት፣ ለልብስ አጠባና ለግል ጉዳይ መተው፤
• ሠንጠረዡ ካልሠራ በሳምንቱ መጨረሻ ምክንያቱን መርምሮ ማስተካከል።

ለረጅም ሰዓት አተኩሮ መቀመጥ የሚቸግረው ተማሪ 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ በማረፍ ሊጀምር ይችላል። በጥናት ሰዓት ስልክን ከእጅ ማራቅ፣ የሚቻል ከሆነም በማደሪያ ክፍል ትቶ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ይመረጣል።

4. ውጤታማ የአጠናን ዘዴዎች

4.1 ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ራስን መፈተን

አብዛኛው ተማሪ የሚያጠናው ደብተሩን ደጋግሞ በማንበብና በማስመር ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ጽሑፉ ስለሚለመድ ተማሪው ያወቀው ይመስለዋል። ሆኖም ገጹን ማወቅና ሐሳቡን ያለ ገጹ ማስታወስ የተለያዩ ናቸው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠ ፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ከአንድ ሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ብልጫ ያሳዩት ካነበቡ በኋላ መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት ናቸው።

ይህንን በተግባር ለማዋል አንድን ርዕስ ካነበቡ በኋላ ደብተሩን መዝጋትና ዋና ዋና ነጥቦቹን በባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ይበቃል። ከዚያም ደብተሩን ከፍቶ የተረሳውንና የተሳሳተውን በሌላ ቀለም ማረም ነው። በሒሳብና በፊዚክስ ደግሞ የተሠራን ምሳሌ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ መልሱን ሸፍኖ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

4.2 ጥናትን በጊዜ ማከፋፈል

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ባሳተመው ሥራ፣ አዲስ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ በፍጥነት እንደሚረሳ አመልክቷል። ስለዚህ ለአንድ ርዕስ የተመደበን አራት ሰዓት በአንድ ሌሊት ከመጨረስ በአራት የተለያዩ ቀናት መከፋፈል የበለጠ ይጠቅማል። ለምሳሌ ሰኞ የተማሩትን በዕለቱ ለ20 ደቂቃ መከለስ፣ ሐሙስ ራስን መጠየቅ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጥያቄ መሥራት ይቻላል።

4.3 ማስታወሻ አያያዝ

መምህሩ የሚናገረውን ቃል በቃል ለመጻፍ መሞከር ትምህርቱን ከመከታተል ያግዳል። ገጹን በቀጥታ መስመር ለሁለት ከፍሎ፣ በሰፊው በኩል የትምህርቱን ፍሬ ሐሳብ፣ በጠባቡ በኩል ደግሞ ከክፍል በኋላ የሚዘጋጁ ጥያቄዎችን መጻፍ፣ ከገጹ ግርጌም በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር ማጠቃለል ጠቃሚ ዘዴ ነው። ጥያቄዎቹ በኋላ ራስን ለመፈተን ያገለግላሉ።

4.4 የትምህርት ቋንቋ

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ ሐሳቡን እያወቁ በቋንቋው ምክንያት የሚቸገሩ ተማሪዎች አሉ። ሐሳቡን በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለጓደኛ ማስረዳት፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ በራስ አገላለጽ መጻፍ ሁለቱንም ያጠናክራል። በየኮርሱ የሚደጋገሙ ሙያዊ ቃላትን በትንሽ ደብተር መመዝገብም ይረዳል። በክፍል ውስጥ ያልተረዱትን መጠየቅ መብት ነው፤ በእንግሊዝኛው ማፈርም አያስፈልግም።

4.5 የቡድን ጥናት

የቡድን ጥናት የሚጠቅመው እያንዳንዱ አባል አስቀድሞ አንብቦ ሲመጣ ነው። ከሦስት እስከ አምስት አባላት ያሉት፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት የታወቀ፣ አባላቱ በየተራ የሚያስረዱበት ቡድን ፍሬያማ ይሆናል። አሳይመንትን ከሌላ ተማሪ መገልበጥ ግን በዲሲፕሊን ከማስጠየቁም በላይ ተማሪውን ለፈተና ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

5. ለተማሪው የሚያስፈልጉ የሕይወት ክህሎቶች

ገንዘብ፦ ከቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ በደረሰ ዕለት ለትራንስፖርት፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለንጽሕና መጠበቂያና ለመጠባበቂያ ተከፋፍሎ መቀመጥ አለበት። በካፌ ከመመገብ ይልቅ የምግብ ወጪያቸውን በጥሬ ገንዘብ የሚቀበሉ ተማሪዎች ገንዘቡን በሳምንት ከፍለው ካልተጠቀሙ በወሩ መጨረሻ ይቸገራሉ። የወጪ መጋራት ውልም በሕግ ግዴታ የሚያስገባ ሰነድ ስለሆነ፣ ተማሪው ከመፈረሙ በፊት አንብቦ መረዳትና ቅጂውን መያዝ ይኖርበታል።

እንቅልፍና ጤና፦ ለወጣቶች የሚመከረው እንቅልፍ በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። አእምሮ በቀን የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማጥናት የተጠናውን ያሳጣል። እንቅልፍን ለመከላከል ወደ ጫት ወይም ወደ ሌላ አነቃቂ ነገር መሄድ ለጊዜው የሚረዳ ቢመስልም እንቅልፍን ያዛባል፤ ወደ ሱስም ሊያመራ ይችላል።

አብሮ መኖር፦ በአንድ ማደሪያ ክፍል ከተለያዩ አካባቢዎች፣ ቋንቋዎችና እምነቶች የመጡ ተማሪዎች ይኖራሉ። የመብራት ማጥፊያ ሰዓትን፣ የጽዳት ተራንና የእንግዳ አቀባበልን በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋግሮ መወሰን በኋላ የሚመጣን ቅራኔ ይቀንሳል።

እምቢ ማለት፦ ጓደኛ ወደ መጠጥ፣ ወደ ቁማር ወይም ከክፍል ወደ መቅረት ሲጋብዝ በአጭሩና በትሕትና እምቢ ማለት የሚለመድ ክህሎት ነው። «ዛሬ የምሠራው ሥራ አለኝ» የሚል መልስ በቂ ነው፤ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

6. ችግር ሲያጋጥም ወዴት መሄድ ይቻላል?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ችግርን ደብቆ መቆየት ያባብሰዋል። ተማሪዎች እንደ ጉዳዩ ዓይነት የሚከተሉትን ማነጋገር ይችላሉ፦

• ትምህርቱ ካልገባ፣ ወይም የፈተና እርማት ላይ ጥያቄ ካለ፦ የኮርሱን መምህር በማማከሪያ ሰዓቱ፣ ቀጥሎም የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ፤
• ስለ ምዝገባ፣ ኮርስ መጨመርና መቀነስ፣ ስለ ውጤትና ማስረጃ፦ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤትን፤
• ስለ ማደሪያ፣ ምግብና ዲሲፕሊን፦ የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤትን፤
• ጭንቀት፣ ከፍተኛ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ሲሰማ፦ የተቋሙን የምክር አገልግሎትና ክሊኒክ፤
• ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ሲደርስ፦ የተቋሙን የሴቶች ወይም የሥርዓተ ፆታ ጉዳዮች ክፍል፤ አደጋው አስቸኳይ ከሆነ ፖሊስን።

በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር ምክንያት ትምህርቱን መቀጠል ያልቻለ ተማሪ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም። በሬጅስትራር በኩል በቅጽ የመልቀቂያ ጥያቄ ካቀረበ በኋላ በሌላ ጊዜ ተመልሶ የመማር ዕድሉ ይጠበቅለታል። ሳያሳውቅ የቀረ ተማሪ ግን በኮርሶቹ ኤፍ ሊመዘገብበት ይችላል፤ የመመለሻው መንገድም ይከብደዋል።

7. የወላጆችና የቤተሰብ ድርሻ

ወላጆች ልጃቸውን በስልክ ሲያነጋግሩ «ስንት አመጣህ? ስንት አመጣሽ?» ከማለት በፊት ስለ ውሎ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ጤና መጠየቅ ይጠቅማል። ውጤት ሲበላሽ ቁጣን የሚፈራ ተማሪ ችግሩን ከቤተሰቡ ይደብቃል፤ እርዳታ ማግኘት በሚችልበት ጊዜም ሳይጠይቅ ይቀራል። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ተማሪ ዕድሉ አልተዘጋም። ያለፈውን ሴሚስተር ስሕተት ከመምህሩና ከአማካሪው ጋር መርምሮ አዲስ ዕቅድ ሊያወጣ ይችላል።

8. የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ማስታወሻ

• 1ኛ ሳምንት፦ የተማሪዎች መመሪያንና ኮርስ አውትላይኖችን መሰብሰብ፤ ቤተ መጻሕፍትን፣ ክሊኒክንና ሬጅስትራርን በአካል ሄዶ ማወቅ፤
• 2ኛ ሳምንት፦ ሳምንታዊ ሠንጠረዥ ማውጣትና መጀመር፤ ከክፍል ጓደኞች ጋር ስለ ማደሪያ ደንብ መስማማት፤
• 3ኛ ሳምንት፦ በእያንዳንዱ ኮርስ ያለ ደብተር ራስን መፈተን፤ የከበደውን ኮርስ መለየት፤
• 4ኛ ሳምንት፦ ከከበደው ኮርስ መምህር ጋር መነጋገር፤ የጥናት ሰዓትን እንደ አስፈላጊነቱ ማስተካከል።

እነዚህ አራት ሳምንታት የሚያልፉት የመጀመሪያው ፈተና ከመድረሱ በፊት ወይም በዚያው አካባቢ በመሆኑ፣ ጉድለት ቢታይ ለማረም ጊዜ ይኖራል። በፈተና ሰሞን የሚጀመር ጥናት ግን ይህንን ጊዜ አያገኝም። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊለያዩ የሚችሉ ዝርዝር ደንቦችን በተመለከተ ተማሪዎች የተመደቡበትን ተቋም ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁ ይመከራል።