የናፍጣ ፖምፓና የብልሽቱ ምርመራ ታሪክ

ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ በሠራው ሞተር፣ ነዳጁን ወደ ሲሊንደሩ ይነፋ የነበረው የታመቀ አየር ነበረ። የአየሩ መጭመቂያ ከባድ በመሆኑ ሞተሩ ለመኪና አልተመቸም። የሮበርት ቦሽ ፋብሪካ በ1922 ጀምሮ በ1927 በብዛት ያወጣው ትንሽ ፖምፓ ይህን ችግር አቃለለ።

በዚህ ፖምፓ ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ገፊ ነበረው። ስለዚህ መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የቱቦዎቹን ማሰሪያ በተራ ያላላል፤ ድምፁ ካልተለወጠ ጥፋቱ በዚያ መሥመር ነው ማለት ነው። (ፖምፓ የሚለው የጋራዥ ቃላችን ከጣልያንኛ የመጣ ነው።)

በኋላ በፒካፖች የተለመደው አከፋፋይ ፖምፓ ግን ለሁሉም ሲሊንደር ከአንድ የጋራ መግፊያ ያድላል፤ ሲደክም ሁሉም አብረው ይደክማሉ። አየር የገባበት መሥመር ወይም የተደፈነ ማጣሪያም ይህንኑ ምልክት ያሳያል። በእኔ አስተያየት ብዙ ደኅና ፖምፓ ያለ ጥፋቱ የተፈታው በዚህ ምክንያት ነው፤ ንጹሕ ናፍጣ ከጀሪካን በቀጥታ ለፖምፓው ሰጥቶ መሞከር ይበቃ ነበረና።

ከ1994 ጀምሮ በጄኔራል ሞተርስ ባለ 6.5 ሊትር ፒካፕ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማዘዣው ከፖምፓው ጋር ተጣብቆ ስለ ተሠራ በሙቀት ይበላሽ ነበረ። መኪናው ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሣል። ባለሙያዎች በመጨረሻ ማዘዣውን በገመድ አርቀው ነፋሻ ቦታ ላይ ማሰር ጀመሩ።