የወጣት ጥፋተኞች እርምት ዲግሪ በአሜሪካ፦ የትምህርቱ ወጪና የሙያው ገቢ

በዩናይትድ ስቴትስ የመጀመሪያው የወጣቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1899 በቺካጎ ከተማ ከተቋቋመ ወዲህ የወጣት ጥፋተኞች እርምት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ወደዚህ ሙያ ለመግባት ዲግሪ የሚማሩ ወጣቶች የሚያወጡት ገንዘብ በደመወዝ መልክ የሚመለስ መሆን አለመሆኑ ግን በአብዛኛው በሚመርጡት የትምህርት ተቋም ይወሰናል።

በሙያው ሁለት ዋና ዋና የሥራ መደቦች ይገኛሉ። አንደኛው የማረሚያ ተቋም ጥበቃ ሲሆን፣ በብዙ ግዛቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅ ለቅጥር ይበቃል። ሁለተኛው ጥፋተኛውን ወጣት ከቤተሰቡ ሳይለይ የሚከታተለው የአመክሮ ሹም ሥራ ነው። ለዚህ መደብ በአብዛኛው በወንጀል ፍትሕ፣ በሶሻል ወርክ ወይም በተመሳሳይ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል።

የአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ ለግንቦት 2023 ባወጣው አኃዝ መሠረት፣ የአመክሮ ሹሞች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 61 ሺህ 800 ዶላር፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂዎች ደግሞ 53 ሺህ 300 ዶላር ነበር። አኃዙ በአዋቂዎችም ሆነ በወጣቶች እርምት የተሰማሩትን ያጠቃልላል። በዚህ ስሌት ዲግሪው በዓመት የ8 ሺህ 500 ዶላር፣ በ30 ዓመት አገልግሎት ደግሞ የ255 ሺህ ዶላር ብልጫ ያስገኛል ማለት ነው።

በወጪው በኩል ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ለ2023/24 የትምህርት ዘመን ባወጣው መረጃ፣ አማካይ ዓመታዊ የትምህርት ክፍያ ለግዛቱ ነዋሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ 11 ሺህ 260፣ በግል ዩኒቨርሲቲ 41 ሺህ 540፣ በሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ 3 ሺህ 990 ዶላር ነበር። የአራት ዓመቱ ክፍያ በቅደም ተከተል ሲሰላ፦

- በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ 45 ሺህ 40 ዶላር ሲሆን፣ ብልጫው በአምስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይመልሰዋል፤
- በግል ዩኒቨርሲቲ 166 ሺህ 160 ዶላር ሲሆን፣ ለመመለስ ወደ 20 ዓመት ይፈጃል፤
- ሁለት ዓመት በኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚማር 30 ሺህ 500 ዶላር ሲሆን፣ አራት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ይመለሳል።

ስሌቱ ግብርን፣ የብድር ወለድን፣ የመኖሪያ ወጪንና ተማሪው በትምህርት ላይ ሳለ የሚያጣውን ደመወዝ አይጨምርም። እነዚህ ሲታከሉ ጊዜው ይረዝማል፤ በነፃ የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ ግን ሊያሳጥረው ይችላል።

የልዩነቱ ምክንያት አሠሪው በአብዛኛው መንግሥት መሆኑ ነው። የግዛትና የካውንቲ መሥሪያ ቤቶች ደመወዝ የሚከፍሉት በአመዛኙ በሥራ ደረጃና በአገልግሎት ዘመን ላይ ተመሥርተው ነው። በመሆኑም ውድ በሆነ ተቋም የተማረው ባለሙያ በዚያ ምክንያት ብቻ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል ተብሎ አይጠበቅም።

ይህንኑ ጫና ለማቃለል እ.ኤ.አ በ2007 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በሙሉ ጊዜ እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያዎችን በደንቡ መሠረት ለፈጸመ ተበዳሪ ቀሪው የፌዴራል የትምህርት ዕዳ እንዲሰረዝለት ይፈቅዳል። ክፍያዎቹን ለማጠናቀቅ ቢያንስ አሥር ዓመት ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ሥራውን ለቆ ለትርፍ ወደሚሠራ የግል ድርጅት የሚሄድ ሠራተኛ ግን እዚያ ሳለ የዚህ ዕድል ተጠቃሚ አይሆንም።

የአንድ ወጣት መታረም ለዓመታት በቅርብ የሚያውቀውን ባለሙያ ይሻል። በዕዳ የተጨነቀ ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ሲለቅ ኪሳራው የእርሱ ብቻ ሳይሆን በክትትሉ ሥር የነበሩት ልጆችም ይሆናል። ስለሆነም የትምህርቱን ዋጋ አስቀድሞ ማመዛዘን ለተማሪውም ሆነ ለቀጣሪው መሥሪያ ቤት ይጠቅማል።