ዮጋ በቤት ውስጥ፦ የአንድ ልማድ አመጣጥና ለጀማሪ የሚሰጠው ትምህርት

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ውስጥ በየማለዳው ሰሌን ዘርግተን ዮጋ የሚባለውን የህንድ አገር የሰውነት ልምምድ ከጀመርን ጥቂት ወራት ሆኖናል። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት በበሩ በኩል ሲያልፉ አይተውን ኖሮ፣ «ልጄ፣ ይህ ስግደት ለማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም «ስፖርት ነው እማማ» ብለን አለፍነው። ቆይተን ስናስበው ግን ጥያቄው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም፤ የሰጠነው መልስ እውነት መሆኑን ራሳችንም አናውቅም ነበርና። ይህ አጭር ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ በታሪክ በኩል መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው። ዓ.ም. ከተባለው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ዮጋ» የሚለው ቃል የሳንስክሪት ቋንቋ ሲሆን፣ በሬ በቀንበር እንደሚጠመድ ሁሉ «መጥመድ» ከሚለው ሐሳብ ጋር ይዛመዳል። የትምህርቱ ዋና መጽሐፍ ተብሎ የሚቆጠረው በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው የአጫጭር አንቀጾች ስብስብ ነው። አንቀጾቹ ከ190 ይበልጣሉ፤ ስለ ሰውነት አቀማመጥ በቀጥታ የሚናገሩት ግን ሦስት ያህል ብቻ ናቸው፤ የሚያዙትም አቀማመጡ የጸናና የተመቸ እንዲሆን ነው። የቀረው ስለ ምግባር፣ ሐሳብን ስለ መግዛትና ስለ ተመስጦ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተጻፈው ሐታ ዮጋ ፕራዲፒካ እንኳ የሚያስረዳው 15 አቀማመጦችን ነው። እንግዲህ በጥንቱ ዮጋ ዘንድ ሰውነት የአእምሮ መቀመጫ ነበር እንጂ ራሱ ግብ አልነበረም፤ ትምህርቱም በህንድ ሃይማኖቶች ውስጥ የበቀለ መሆኑ አይካድም።

ታዲያ ዛሬ ጀማሪው በቤቱ የሚለማመደው፣ እየታጠፉና እየተዘረጉ የሚሠሩት ዮጋ ከወዴት መጣ? ይህ በአብዛኛው የ20ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። ሽሪ ዮገንድራ የተባሉ መምህር በ1918 በቦምባይ አጠገብ አንድ ተቋም መሥርተው፣ ከዓለም ለተለየ መናኝ ብቻ ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ለባለትዳርና ለሠራተኛ እንዲስማማ አቀለሉት። የአውንድ ግዛት ገዥ ደግሞ ሱርያ ናማስካር የሚባለውን ተከታታይ እንቅስቃሴ በትምህርት ቤቶች እንዲስፋፋ አደረጉ። በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ የተባሉት መምህር በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን አሠለጠኑ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ቢ. ኬ. ኤስ. አይንጋር በ1966 ወደ 600 የሚጠጉ ፎቶግራፎች ያሉበትን መጽሐፍ ስላሳተሙ፣ መምህር በሌለበት አገር ያለ ሰው ሥዕሉን እያየ በክፍሉ መሞከር ቻለ።

ማርክ ሲንግልተን የተባለው ተመራማሪ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዘመኑ ዮጋ ከአውሮፓ የጂምናስቲክ ልምምድና ከወጣት ክርስቲያኖች ማኅበር የአካል ማሠልጠኛ ብዙ ነገር እንደ ወሰደ ይከራከራል። ክርክሩ አሁንም የሚያከራክር ቢሆንም፣ እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በየማለዳው በፊሽካ እንሠራው የነበረውን ልምምድ ስለሚያስታውሰን እንግዳ አልሆነብንም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተማችንም የራሷ ስፍራ አላት። ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ ጉባኤውን ያደረገው በአዲስ አበባ ነው። ስብሰባው የተካሄደበት የኢኮኖሚክ ኮሚሽን ለአፍሪካ አዳራሽ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙ አይርቅም። ዮጋ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚሁ ጉባኤ ሲሆን፣ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም በዚያው ጉባኤ ተመዝግቧል።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። እርሳቸው ያዩት ያንኑ ሱርያ ናማስካርን ነበር፤ ትርጉሙም ለፀሐይ የሚቀርብ ሰላምታ ማለት ነው። ስለዚህ «ስፖርት ነው» ማለታችን ግማሽ እውነት ነበር። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለእግዚአብሔር ብቻ የሚቀርበው የአምልኮ ስግደትና ለቅዱሳን የሚቀርበው የአክብሮት ስግደት ይለያሉ፤ ጉልበቱ ግን አንድ ነው፤ ልዩነቱ በሰጋጁ ሐሳብ ላይ ነው። በበኩላችን ለዮጋም ይኸው ሚዛን ይሠራል እንላለን። እንቅስቃሴውን ለጤና ብቻ መያዝ ይቻላል፤ ይህን የሚመርጥ ሰው ግን ከየት እንደ ወሰደው ማወቅና ምን እንደ ተወ ለራሱ መናገር ይገባዋል። ኅሊናው ያልፈቀደለትም ቢተወው ኋላ ቀር ሊባል አይገባም።

ለጀማሪው ደግሞ ታሪኩ የሚሰጠው ምክር አለ። የጥንቱ ሕግ የጸናና የተመቸ ስለሚል፣ ሕመም የሚያመጣ አቀማመጥ ከሕጉ የወጣ ነው። ዮገንድራም ትምህርቱን ያቀለሉት የቤት ሰው ጊዜውና ጉልበቱ የተወሰነ መሆኑን በማሰብ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ምግብ ሳይበሉ፣ በአፍንጫ በዝግታ እየተነፈሱ መጀመር ይበቃል። በመጽሐፍ የሚታዩት አስደናቂ ፎቶግራፎች የብዙ ዓመታት ድካም ፍሬ ናቸው። እኛ በሁለተኛው ሳምንት በራሳችን ለመቆም ስንሞክር አንገታችንን አሞን ሦስት ቀን ዞር ማለት አቅቶን ነበር። የደም ግፊት ወይም የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

የአደባባያችን ስም እንኳ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ጣልያን በ1936 አገራችንን ስትይዝ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ ለነበረው ለሜክሲኮ የምስጋና መታሰቢያ ነው። ዛሬ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ስሙን ሲጠራ ምክንያቱን ላያስታውስ ይችላል። ከሩቅ የመጣ ነገር የራስ መሆኑ መልካም ነው፤ የመጣበት ምክንያት ሲረሳ ግን ይጎድላል።

ይህን ሁሉ ለእናታችን ባጭሩ ብንነግራቸው፣ «ካወቅህስ ደግ፤ ሳያውቁ መስገድ ነው የሚያስፈራው» አሉን። ከእርሳቸው የተሻለ መደምደሚያ አላገኘንም።